ጥልፍና ጠለፋ፦ የሮማን ፍሬ በመርፌ ጫፍ

በአማርኛችን «ጠለፈ» የሚለው ግሥ ብዙ ሥራ አለበት። ልጃገረድ ትጠለፋለች፤ አውሮፕላን ይጠለፋል፤ ስልክ ይጠለፋል፤ እግሩ ተጠልፎ የሚወድቅም አለ። ከዚህ ሁሉ ጎን ደግሞ ነጭ ጨርቅ በመርፌና በክር ይጠለፋል። እኛ በስደት የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ መጀመሪያዎቹ ጠለፋዎች ያልጻፍነው የለም። ሥልጣን ተጠለፈ፣ አብዮት ተጠለፈ፣ ፓርቲ ተጠለፈ እያልን ስንከራከር እንውላለን፤ እናድራለንም። እናቶቻችን በደብዛዛ መብራት ሥር ዓይናቸውን ስላፈሰሱበት ስለ ጥልፍ ግን አንድ ገጽ ጽፎ ያስነበበን ሰው ማግኘት ይቸግራል።

«አገር እንዲህ በሆነበት ጊዜ ስለ ጥልፍ ምን ያስወራል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው። ታሪክ ብለን የያዝነው ነገር የነገሥታት ስም፣ የጦርነት ዘመንና የውል ወረቀት ብቻ ከሆነ፣ ግማሹን ሕዝብ ከታሪክ አስወጥተነዋል ማለት ነው። ብዕር ያልያዘ እጅ መርፌ ይዞ ነበር። በመርፌ የተጻፈውን ማንበብ ካልቻልን ጉድለቱ የጨርቁ አይደለም፤ የእኛ ነው።

በምኖርበት ከተማ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጀማሪዎች የእጅ ጥልፍ አሳያለሁ። በመጀመሪያው ቀን የምሰጣቸው ንድፍ አንድ የሮማን ፍሬ ነው። «ለምን መስቀል አይሆንም? ለምን አበባ አይሆንም?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነርሱ የምሰጠው ረዘም ያለ መልስ ነው ማለት ይቻላል። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ ለይቼ አመለክታለሁ።

ስሙ የተጻፈለት ጠላፊ

ከሁሉ በፊት የሚመጣው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 28 ላይ ለሊቀ ካህናቱ ለአሮን የሚሠራው ልብስ በዝርዝር ታዝዟል። ሰማያዊ ቀሚስ ይሠራለታል፤ በቀሚሱ ግርጌ ዙሪያ በሰማያዊ፣ በሐምራዊና በቀይ ክር ሮማኖች ይደረጋሉ፤ በሮማኖቹ መካከልም የወርቅ ሻኩራዎች ይገባሉ። አንድ ሮማን፣ አንድ ሻኩራ፣ አንድ ሮማን፣ አንድ ሻኩራ እያለ ዙሪያውን ይዞራል። ካህኑ ወደ ቅድስት ሲገባና ሲወጣ ድምፁ እንዲሰማ ነው። ሻኩራው ዛሬም በቤተ ክርስቲያናችን በጽናው ሰንሰለት ላይ ሲንሿሿ እንሰማዋለን። ሮማኑን ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል።

እነዚያ ሮማኖች በጨርቁ ላይ የተጠለፉ ነበሩ ወይስ ከክር ተድቦልቡለው በግርጌው ላይ የተንጠለጠሉ? በዚህ ላይ ተርጓሚዎች አይስማሙም። የሚያከራክር ያልሆነው ነገር ግን ፍሬውን በቀለም ክር የሠራ እጅ መኖሩ ነው። ከዚህም በላይ የሚገርመው፣ መጽሐፉ የሠሪውን ስም መዝግቦ ማቆየቱ ነው። የድንኳኑን ሥራ በበላይነት የመራው ከይሁዳ ነገድ የሆነው ባስልኤል ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የተመደበው ከዳን ነገድ የአሂሳሚክ ልጅ ኤልያብ ነበር። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በምዕራፍ 38 ላይ ይህን ሰው በቀጥታ «ጠላፊ» ይለዋል። በምዕራፍ 35 ደግሞ ልባቸው ያነሣሣቸው ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ክሩን እንዳመጡ ተጽፏል። የሴቶቹ ስም ግን የለም። ክሩን የፈተሉት ስም የላቸውም፤ የጠለፈው ስም አለው። ይህን ልዩነት እባካችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሮማን በዚያ አላበቃም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 8 የተስፋይቱ ምድር ከተመሰገነችባቸው 7 ፍሬዎች አንዱ ነው። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲሠራ በሁለቱ የናስ ዓምዶች ጉልላት ዙሪያ 400 ሮማኖች እንዳደረገ መጽሐፈ ዜና መዋዕል ካልዕ ምዕራፍ 4 ይናገራል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ሮማንን ሲሰነጥቁት ውስጡ በፍሬ የተሞላ ነው፤ የብዛትና የበረከት ምልክት ለማድረግ ከእርሱ የተሻለ ፍሬ ማግኘት ያስቸግራል።

የኤልያብ ነገድ ነገር ወደኛም ይመጣል። የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን የዳን ነገድ ዘር ናቸው ብለው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ወስነዋል፤ ወደ እስራኤል የመግባት መብታቸው ከ2 ዓመት በኋላ የተከበረውም ይህን ተከትሎ ነው። በ1990ዎቹ በአዲስ አበባና በጎንደር ተራቸውን ይጠብቁ ከነበሩት ወገኖች መካከል ብዙዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ጥልፍ እየጠለፉ ቤተሰባቸውን ይደጉሙ ነበር። የጠላፊው የኤልያብ ልጆች ናቸው ከተባለ፣ በመርፌ መዳራቸው የሚገርም አይሆንም።

የንግሥቲቱ ሮማን

ፍሬ በጨርቅ ላይ የፖለቲካ ቋንቋ ሆኖ ሲናገር ለማየት ወደ አውሮፓ እንሻገር። እ.ኤ.አ. በ1492 የስፔን ነገሥታት ፈርዲናንድና ኢዛቤላ ግራናዳን ያዙ። በስፔንኛ «ግራናዳ» ማለት ሮማን ማለት ነው። ስለዚህ ድሉን ለማሰብ የሮማን ፍሬ በንጉሣዊ ዓርማቸው ግርጌ ገባ፤ ዛሬም ከስፔን ዓርማ ላይ አልወረደም። ልጃቸው ካተሪን ይህን ፍሬ የግል ምልክቷ አድርጋ በ1501 ለእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ለአርተር ተዳረች። አርተር በ5 ወሩ ሞተ። በ1509 ወንድሙ ሄንሪ 8ኛ ነግሦ አገባት። ለንግሥናቸው በዓል የእንግሊዝ ጽጌረዳና የስፔን ሮማን ጎን ለጎን በየጌጡ ላይ ታዩ።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር በነጭ በፍታ ላይ በጥቁር የሐር ክር የሚሠራ ጥልፍ በጣም የተወደደ ነበር። ሰዎች «የስፔን ሥራ» ይሉት ነበር። ካተሪን አመጣችው የሚል ልማዳዊ ታሪክ አለ፤ ሥራው ከእርሷ በፊትም በእንግሊዝ ይታወቅ ስለነበር፣ አስፋፋችው ማለቱ ይሻላል። ንግሥቲቱ ራሷ የመርፌ ሰው ነበረች። የባሏን ሸሚዝ በእጇ ትሠራ ነበር። ሄንሪ ሊፈታት ተነሥቶ አን ቦሊንን ከያዘ በኋላ እንኳ፣ በ1530 ለሸሚዝ የሚሆን ጨርቅ ለካተሪን ልኮ አን ተቆጥታ እንደነበር በዘመኑ የነበረው የቅዱስ ሮማ ግዛት አምባሳደር ጽፏል። እንግዲህ አስቡት። የጋብቻው ጉዳይ በሮም ጳጳሱ ፊት ቀርቦ፣ አገር ለሁለት ሊከፈል ደርሶ ሳለ፣ ጠቡ በአንድ በኩል የሸሚዝ ጠብ ነበር። ሸሚዙን የሚሠራ ሚስት ነውና።

የሮማኑ ምልክት በካተሪን ላይ መራራ ቀልድ ሆነባት። ብዙ ልጅ ማፍራትን የሚያመለክተውን ፍሬ የያዘችው ንግሥት ደጋግማ አርግዛ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰችላት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት፤ እርሷም በኋላ የነገሠችው ሜሪ ናት። ወንድ ወራሽ ማጣቷ ትዳሯን አፈረሰ፤ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንንም ከሮም ለየ። በየመጋረጃውና በየልብሱ ላይ የነበረው ሮማንም በአዲሲቱ ንግሥት ምልክቶች ተተካ። የምልክት ለውጥ የመንግሥት ለውጥ መሆኑን እኛ ኢትዮጵያውያን በሰንደቅ ዓላማችን ላይ ካየነው በላይ ማን ያውቀዋል?

የወይኑን ግንድ የሚቆርጠው እጅ

ሌላዋ ባለ መርፌ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ ናት። ከአገሯ ተሰድዳ በ1568 እንግሊዝ ገባች፤ ዘመዷ ኤልሳቤጥ 1ኛ ደግሞ እስከ ሞቷ ድረስ 19 ዓመት ያህል በግዞት አኖረቻት። ደብዳቤዋ ይከፈታል፤ እንግዳዋ ይመረመራል። መርፌዋን ግን ማንም አልከለከላትም፤ የሴት ሥራ ነዋ! ከአሳሪዋ ከሽሩዝበሪ ባለርስት ሚስት ከቤስ ጋር ሆና ለዓመታት ጠለፈች።

ከሥራዎቿ አንዱ ትራስ ነበር። በትራሱ ላይ ከሰማይ የወረደ እጅ ማጭድ የመሰለ መከርከሚያ ይዞ የወይን ተክል ይገርዛል። በላቲን የተጻፈው ቃል «ብርታት በቁስል ይለመልማል» እንደ ማለት ነው። ለተራ ተመልካች ይህ የአትክልት ሥዕል ነው። የዘመኑን ነገር ለሚያውቅ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ ፍሬ የማይሰጠው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፣ ፍሬ የሚሰጠው ይለምልም። ኤልሳቤጥ ልጅ አልነበራትም። ሜሪ ግን ወንድ ልጅ ነበራት። ትራሱ የተላከው ሜሪን ሊያገባ ያስብ ለነበረው ለኖርፎክ መስፍን ነው። መስፍኑ በሤራ ተከስሶ ምርመራው ሲካሄድ የትራሱም ነገር ተነሣ። በሰኔ 1572 አንገቱ ተቀላ። ሜሪም በየካቲት 1587 በዚያው ሞት ተቀጣች። ከ16 ዓመት በኋላ ግን፣ በ1603፣ ልጇ ጀምስ የእንግሊዝን ዘውድ ደፋ። ትራሱ እንዳለው ሆነ ማለት ነው። የሜሪና የቤስ ጥልፎች ብዙዎቹ ዛሬም በእንግሊዝ አገር ኦክስበርግ በተባለው ጥንታዊ ቤት ይታያሉ።

ስለ ጥልፍ ምን ያስወራል ለሚለው ወንድሜ ይህን ትራስ አቀርብለታለሁ። በብዕር ቢጻፍ በር ላይ የሚያዝ ቃል በመርፌ ሲጻፍ አለፈ።

የጀማሪ ጨርቅ

እስካሁን የንግሥታት ነገር ነው ያወራሁት። ጀማሪዎችስ? በአውሮፓ ጥልፍ የሚማሩ ልጆች አንድ ጨርቅ ይሰጣቸው ነበር። የመርፌ አካሄዱን ሁሉ፣ ንድፉን ሁሉ በዚያ ጨርቅ ላይ ይሞክራሉ፤ ሲያድጉም እንደ መዝገብ እያዩ ይሠሩበታል። በ17ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ ልጃገረዶች የመማሪያ ጨርቅ ላይ እንጆሪ፣ ወይንና ሌላም ፍሬ በተደጋጋሚ ይገኛል። ምክንያቱ ውበት ብቻ አይደለም። ፍሬ ክብ ነው፤ ቅጠል ሹል ነው፤ ግንድ ቀጭን መስመር ነው። አንዲት ልጅ አንድ ፍሬ ከነቅጠሉ ከጠለፈች መስመር መሳል፣ ክብ መዞርና ሜዳ መሙላት ሁሉንም ተማረች ማለት ነው። እኔም ለጀማሪ ፍሬ የምሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። መስቀል በቀጥታ መስመር ያልቃል፤ ፍሬ ግን እጅን ያዞራል።

ከእነዚህ የመማሪያ ጨርቆች መካከል በብሪታንያ ቀን ከተጻፈባቸው ሁሉ ቀዳሚው በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በክር የተጻፈበት ዓመት 1598 ነው። የጠለፈችው ጄን ቦስቶክ ናት፤ አሊስ ሊ የተባለች ሕፃን በ1596 መወለዷን ለማስታወስ የሠራችው ነው። ጄን ቦስቶክ ንግሥት አልነበረችም። ጦር አልመራችም፤ መጽሐፍም አልጻፈችም። ከ400 ዓመት በኋላ ስሟን እኔና እናንተ የምናነሣው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሥራውን ስትጨርስ ስሟን ጠልፋበታለች።

ከሙሉዝ እስከ አዲስ አበባ ሳሎን

በፈረንሳይ አልዛስ ውስጥ ሙሉዝ የምትባል ከተማ አለች። በ1746 በዚያ የተመሠረተው የጨርቅ ሥራ በኋላ ዲ.ኤም.ሲ. በሚል ስም የሚታወቀው የጥልፍ ክር ፋብሪካ ሆነ። በ1886 ከዚሁ ኩባንያ ጋር የሠራችው ቴሬዝ ደ ዲልሞን ስለ ሴቶች የእጅ ሥራ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመች፤ መጽሐፉም በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ዓለምን አዳረሰ። ሆኖም በዚያችው ከተማ ጆዙዌ ሄይልማን የተባለ ሰው በ1828 በብዙ መርፌ በአንድ ጊዜ የሚጠልፍ መኪና ፈልስፎ ነበር። አንዲት ከተማ ለእጅ ክሩን ሰጠች፤ ለመኪናም እጅን የሚተካበትን መንገድ ከፈተች።

የአውሮፓ ንድፍ በትምህርት ቤትና በሚሲዮን፣ በሱቅ ክርና በታተመ ሥዕል በኩል ወደ ከተሞቻችንም ገባ። ከዚያ በፊት የነበረን ጥልፍ ሌላ ነው። በሐበሻ ቀሚስ አንገትና ደረት ላይ የሚወርደው መስቀል፣ ሐረግና የተደረደረ ማዕዘን የራሳችን ነው፤ ፍሬ እምብዛም አይታይበትም። በአዲስ አበባ ሳሎን ግን ነገሩ ተለወጠ። የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የሬዲዮ ልብስ፣ በኋላም የቴሌቪዥን ልብስ በጥልፍና በዳንቴል ተሸፈነ። በአንዱ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል፤ በሌላው ላይ በቅርጫት የተሞላ ወይን፣ ፖምና ቼሪ አለ። እናቴ የጠለፈችው ትራስ ላይ ያለውን ቼሪ እርሷ ራሷ ቀምሳው አታውቅም ነበር። የማታውቀውን ፍሬ በቀይ ክር አሳምራ አበቀለችው።

ይህን አንዳንድ ምሁራን «የባዕድ ቅጅ» ብለው ያጣጥሉታል። እኔ አልስማማም። ንድፉ የሰው ነው፤ የቀለሙ ምርጫ፣ የእጁ ጥራት፣ ሌሊቱ ግን የእርሷ ነው። ሐሩም ቢሆን ከውጭ በንግድ የመጣ ነበር፤ ከውጭ በመጣ ሐር የተሠራውን ቀሚስ «የኛ» ካልን፣ ከውጭ በመጣ ንድፍ የተሠራውን ትራስ የኛ ያልሆነ የሚያደርገው ምንድን ነው?

የመቅደላው ቀሚስ

አሁን ወደ ሁለቱ «ጠለፋ»ዎች መገናኛ ደረስን። የጄን ቦስቶክ ጨርቅ ባለበት በዚያው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ነው።

ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬው ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናት። አባቷ በ1855 በደረስጌ በካሣ ኃይሉ ተሸነፈ፤ ካሣም ውቤ ለራሱ ባዘጋጀው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በኋላም የተሸናፊውን ልጅ አገባት፤ ልዑል ዓለማየሁን ወለደችለት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ሚያዝያ 13 ቀን 1868 በአውሮፓውያኑ፣ የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ፤ ቴዎድሮስም እጄን አልሰጥም ብሎ ራሱን ገደለ። ጦሩ አምባውን ዘረፈ። የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። እቴጌይቱ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ሰሜን ስትጓዝ በግንቦት 1868 በመንገድ ላይ አረፈች። ልጇ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በዊንድሶር ተቀበረ። ቀሚሷ በ1869 ሙዚየም ገባ።

የዚህን ዝርፊያ ታሪክ እናውቀዋለን። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2007 የመቅደላ ቅርሶች እንዲመለሱ በይፋ ጠይቋል። በ2018፣ በ150ኛው ዓመት፣ ሙዚየሙ እነዚህን ዕቃዎች ለብቻቸው ሲያሳይ ዳይሬክተሩ በረጅም ጊዜ ብድር ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። ብድር! የተጠለፈ ዕቃ ለባለቤቱ በብድር ይሰጣል ሲባል ስንሰማ ደማችን ቢፈላ አይፈረድብንም። በ2019 የቴዎድሮስ ጸጉር ከሌላ የለንደን ሙዚየም ተመልሷል። በ2023 ደግሞ የዓለማየሁ አጽም እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ ከቤተ መንግሥቱ እንቢታ ገጥሞታል።

ይሁን እንጂ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አንድ ጥያቄ ለእኛ ለራሳችን ላቅርብ። ያን ቀሚስ ማን ጠለፈው? ሙዚየሙ የለባሿን ማንነት መዝግቧል፤ የጠላፊውን ወይም የጠላፊዋን ስም ግን አያውቅም። ይህን ስም እንግሊዞች አልዘረፉንም። ከመዘረፉ በፊት እኛው አልጻፍነውም ነበር። ቴዎድሮስን እናውቃለን፤ መድፉን ሴባስቶፖልን በስሙ እናውቀዋለን። መድፍ ስም አለው፤ ቀሚሱን የጠለፈ ሰው ስም የለውም። የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው «ቡዳ» እና «ጠይብ» እያለ ሲንቅ የኖረ ኅብረተሰብ የሠሪውን ስም ባይጽፍ አይገርምም። ቅርሱ ይመለስ ስንል፣ ቅርሱን የሠራው እጅም ወደ ታሪካችን ይመለስ ማለት አለብን። የመጀመሪያው በለንደን ሰዎች እጅ ነው ያለው። ሁለተኛው በእኛ እጅ ነው።

ዛሬም ያው ጥፋት ቀጥሏል። ለሠርግ የምናስመጣው ቀሚስ ላይ ያለው ጥልፍ አብዛኛው በኮምፒውተር በሚታዘዝ መኪና የተሠራ ነው። መኪናውን አልጠላም፤ ዋጋ ያቀልላል። ግን በእጅ የተሠራውን ከመኪናው መለየት የማይችል ገዢ፣ ለእጅ ሥራ የሚገባውን ዋጋ አይከፍልም። መለያው ቀላል ነው። ጨርቁን ገልብጡት። የመኪና ጥልፍ ጀርባው ሌላ ክር ይዞ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ የእጅ ጥልፍ ጀርባው የጠላፊዋን መንገድ ያሳያል፤ የት እንደጀመረች፣ የት እንደዘለለች፣ የት ክር እንዳለቀባት።

ለጀማሪ፦ አንድ ሮማን

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሥራውን ላሳያችሁ። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ታጥቦ የደረቀ አቡጀዲ ወይም ሌላ ጠንከር ያለ የጥጥ ጨርቅ፤ ሳሳ ያለ ሸማ ለጀማሪ ያስቸግራል። ጨርቁን ወጥሮ የሚይዝ የእንጨት ቀለበት። ጫፏ ሹል፣ ዓይኗ ረዘም ያለ መርፌ። ቀይ፣ ደማቅ ሮዝ፣ ቢጫና አረንጓዴ የጥልፍ ክር።

በእርሳስ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሰፋ ክብ ሳሉ። ከላዩ እንደ ዘውድ የተሰነጠቀ አክሊል፣ ከጎኑ ሁለት ቅጠሎች ያሉት ግንድ ጨምሩ። በፍሬው መሐል ልክ እንደ ተሰነጠቀ ሮማን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የዓይን ቅርጽ ይሁን።

የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮችን የያዘ ነው። ለዙሪያው መስመር ሁለቱን ብቻ ለዩ። ርዝመቱ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከረዘመ ይቋጠራል፤ ይሻክራልም። ዙሪያውን ወደ ኋላ እየተመለሳችሁ ስፉ። መርፌው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣል፤ ተመልሶ ያለፈው ስፌት ባለቀበት ቀዳዳ ይገባል። እያንዳንዱ ስፌት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይሁን፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ ይጠር። ክሩን አትሳቡት፤ ጨርቁ ከተጨማደደ ጠብቋል ማለት ነው።

ቅጠሉና አክሊሉ ይሞላሉ። ክሮቹ ጎን ለጎን፣ ሳይደራረቡም ሳይራራቁም፣ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ይተኛሉ። ከቅጠሉ መሐል ጀምሩና ወደ አንዱ ጫፍ ሂዱ፤ ከዚያ ተመልሳችሁ ሌላውን ግማሽ ሙሉ። መሐሉን መጀመር አቅጣጫው እንዳይዛባ ያደርጋል። የፍሬውን ሰፊ አካል ግን በዚህ መንገድ አትሙሉት፤ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ የረዘመ ስፌት ይላላል፤ በቀለበትና በጥፍርም ይያዛል። በእርሱ ፋንታ ትንንሽ ስፌቶችን እዚህም እዚያም በትኑበት፤ የፍሬው ልጣጭ ይመስላል።

በመጨረሻ በስንጥቁ ውስጥ ዘሮቹ ይገባሉ። ሦስት ክር ያዙ። መርፌውን ወደ ላይ አውጡ፤ ክሩን በመርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሙ፤ ከወጣበት አጠገብ፣ በዚያው ቀዳዳ ሳይሆን ከጎኑ፣ መልሳችሁ አስገቡ። መርፌው እስኪያልፍ ክሩን በሌላው እጅ ወጥራችሁ ያዙ። ትንሽ እንቡጥ ይሆናል። በዚያው ቀዳዳ ከመለሳችሁት ግን ወደ ኋላ ሾልኮ ይጠፋል። 20 ወይም 30 እንቡጥ ስንጥቁን ይሞላዋል። ሲያልቅ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ፣ በወፍራም ፎጣ ላይ ገልብጣችሁ ከጀርባው ተኩሱት፤ እንቡጦቹ አይጨፈለቁም።

በዚህ አላበቃም። አሁን መርፌውን አታስቀምጡ። ከፍሬው በታች፣ በጥግ በኩል፣ ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን ጥለፉ። ከልጆቼ እኩያዎች እስከ አያቶች ድረስ ብዙዎች በዚህ ያፍራሉ። «ለዚህች ለጀማሪ ሥራ ስም ምን ያደርጋል?» ይላሉ። የኤልያብ ስም በኦሪት ተጻፈ፤ የጄን ቦስቶክ ስም በጀማሪ ጨርቅ ላይ 400 ዓመት ቆየ፤ የእቴጌ ጥሩወርቅን ቀሚስ የጠለፈው ሰው ግን ስሙን የትም አላገኘነውም። የቱን እንደምትመርጡ እናንተው ታውቃላችሁ።

በሳጥናችሁ ውስጥ የእናታችሁ ወይም የአያታችሁ ጥልፍ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ደውሉላቸውና ማን እንዳስተማራቸው፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ከተማ እንደጠለፉት ጠይቁ። መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከጨርቁ ጋር አስቀምጡት፤ ከቻላችሁም በጀርባው ላይ በክር ጻፉበት። ሙዚየም እስኪከፈትልን፣ መንግሥት እስኪያዝዘን መጠበቅ የለብንም። የታሪክ ክፍል ይህም ነው።